ኦቶሞቢል ተረግጦ ስለሚዘገይበት ምክንያት

በቤት ውስጥ የሚነሣ ክርክር ሁሉ ከገንዘብ ወይም ከልጆች አስተዳደግ ብቻ የሚመጣ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። የእኛን ቤት ግን ባለፈው ዓመት ሦስት ወር ያህል ሰላም ነሥቶት የቈየው ነገር ከሁለቱም አልነበረም፤ ከኦቶሞቢል የመጣ ነበር። ይኸውም የነዳጁ መርገጫ በተረገጠ ጊዜ ኦቶሞቢሉ ወዲያው በመነሣት ፈንታ፤ ነገር ተጠይቆ መልሱን እንደሚያሰላስል ሰው ጥቂት ዝም ብሎ ይቈይና፤ ከዚያ በኋላ ጅራፍ እንዳረፈበት ፈረስ በድንገት ይወረወር ስለ ነበረ ነው። ይህን ገጽ ከሚያነቡት ወዳጆቻችን መካከል ብዙዎቹ ማርሹን ራሱ የሚለዋውጥ፤ ወንበሩ በቈዳ የተለበጠ፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ኦቶሞቢል ያላቸው ስለ ሆኑ፤ ከነርሱም አንዳንዶቹ ይኸው ነገር እንዳጋጠማቸው ስለ ነገሩን፤ በእኛ ላይ የደረሰውንና ከደረሰም በኋላ ጠይቀን የተረዳነውን ለመጻፍ ፈቀድን።

አስቀድመን በደላችንን እንናገር። ሹፌራችን በቤታችን ካገለገለ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ በዚህም ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ሰው አስደንግጦ ወይም መኪና ገጭቶ አያውቅም። በጥቅምት ወር አንድ ጧት ባለቤታችንን ይዞ ወደ ቀለበት መንገድ ሲገባ ኦቶሞቢሉ በመግቢያው ላይ ዘገየና፤ ከኋላ የመጣ አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ በአጠገባቸው ለጥቂት አለፈ። ማታ ይህ በተነገረን ጊዜ ሹፌሩን አስጠርተን እንቅልፍ ይዞህ ነበር ወይ ብለን ጠየቅነው። እርሱም አንገቱን ደፍቶ «ጌታዬ፤ እኔስ ረግጬዋለሁ፤ የዘገየው መኪናው ነው» ብሎ መለሰ። እኛም ዛሬ ስናስበው የምናፍርበትን ቃል ተናገርን፤ «መኪና ሰበብ አያውቅም፤ ሰበብ የሚያውቀው ሰው ነው» አልነው። ነገሩ በኅዳርም ሁለት ጊዜ በተደገመ ጊዜ ቁልፉን ተቀብለን ወደ ግቢ ሥራ አዛወርነው። ባለቤታችን ግን «እኔ ከኋላ ሆኜ እግሩን አይቻለሁ፤ ረግጦ ነበር፤ እስኪ እርስዎ ራስዎ ይንዱትና ይዩት» አሉን።

በታኅሣሥ ወር አንድ እሑድ ሁለቱን የልጅ ልጆቻችንን ከኋላ አስቀምጠን ራሳችን እየነዳን ወጣን። ከአንድ አደባባይ በደረስን ጊዜ ፍሬን ይዘን ቀስ አልን እንጂ ፈጽመን አልቆምንም። በግራ በኩል አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ሲመጣ አየን፤ ነገር ግን ርቀቱ ይበቃናል ብለን ፈረድንና ረገጥን። ኦቶሞቢሉ አልመለሰልንም። አንድ ብለን ሁለት እስክንል ድረስ እግራችን በመርገጫው ላይ እንዳለ፤ ኦቶሞቢሉ እንደ ተለቀቀ ጀልባ በአደባባዩ አፍ ላይ ተንሳፈፈ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ያህል፤ በሁለት ሴኮንድ 22 ሜትር ይሄዳል፤ እኛ ይበቃል ያልነውም ርቀት ከዚህ እምብዛም አይበልጥም ነበር። የገልባጩ ነጂ ፍሬኑን በሙሉ ኀይሉ ስለ ያዘ አሸዋው በግንባሩ ላይ እየፈሰሰ ከበራችን አንድ ክንድ ተኩል ያህል ቀርቶት ቆመ። ያን ጊዜ ኦቶሞቢላችን ነቅቶ ወደ ፊት ተወረወረ። ልጆቹ አልጮኹም፤ ታናሺቱ ብቻ «አባባ፤ መኪናው ተኝቶ ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀችን። ሹፌራችንን የጠየቅነው ጥያቄ ይኸው ነበረ።

ከቤት እንደ ገባን ሹፌሩን አስጠርተን፤ ቀድሞ ልናደርገው የሚገባንን ያን ጊዜ አደረግን፤ ማለት ምን እንዳየ ጠየቅነው። እርሱም ሦስት ነገር ነገረን። መጀመሪያ፤ ባለፈው ዓመት ዕቃ ጭኖ ወደ ድሬዳዋ በወረደ ጊዜ አዋሽን ካለፈ በኋላ መዘግየቱ ከሞላ ጐደል ጠፍቶ እንደ ነበረና፤ ሲመለስ ዳገቱን ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ በቀረበ መጠን እንደ ተመለሰ። ሁለተኛ፤ መርገጫውን በረገጠ ጊዜ የሞተሩን ዙር የሚያሳየው መርፌ ራሱ ባለበት ተገትሮ እንደሚቈይና ኦቶሞቢሉም መርፌውም አብረው እንደሚነሡ። ሦስተኛ፤ ነገሩ ድሮም ጥቂት እንደ ነበረና ከክረምት ወዲህ ግን እንደ ባሰ። ይህን ሁሉ ለምን አልነገርኸንም ብንለው «ጌታዬ፤ ማን ጠየቀኝ» አለ።

እነዚህ ሦስት ምልክቶች ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው የተረዳነው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሄድንበት አንድ ጋራዥ ሁለት ቃል እንኳ ሰምቶ ሳይጨርስ ካምቢዮው ወርዶ መፈታት አለበት ብሎ፤ የሹፌራችንን የሁለት ዓመት ደመወዝ የሚያህል ገንዘብ ጠየቀን። እኛም ልንከፍል ተቃርበን ነበር፤ ሰው በፈራ ጊዜ ቶሎ ይከፍላልና።

አሁን ምክንያቱን ለመረዳት፤ ከእግር እስከ ጐማ ድረስ ያለውን መንገድ በአሳብ መከተል ያስፈልጋል። በቀድሞው ኦቶሞቢል መርገጫው በሽቦ ገመድ ከሞተሩ ጋራ የተያያዘ ስለ ነበረ እግር ሲወርድ የአየሩ ክዳን ወዲያው ይከፈት ነበር። በዛሬው ግን ገመድ የለም። መርገጫው ምን ያህል እንደ ወረደ የሚለካ መሣሪያ ለኮምፒዩተሩ ያስታውቃል፤ ክዳኑን ምን ያህል መክፈት እንደሚገባ የሚወስነው ኮምፒዩተሩ ነው። ስለዚህ የእኛ እግር የሚሰጠው ትእዛዝ አይደለም፤ ማመልከቻ ነው። በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ማመልከቻ በስንት ጠረጴዛ እንደሚያልፍ እኛ ልንነግራቸው አያስፈልግም።

ከኮምፒዩተሩ ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ አየር ነው። ሞተር ነዳጅን የሚያቃጥለው በአየር ስለ ሆነ አየር ሲያንሰው ጉልበቱ ያንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ስለ ሆነች፤ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአራት እጅ ሦስቱን ብቻ ያህላል። አየርን በራሱ ትንፋሽ ብቻ የሚስብ ሞተር ስለዚህ በእኛ ከተማ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ የተራራው ነው። ቱርቦ የሚባለው መሣሪያ ያለው ሞተር ግን በጭስ ማውጫው በሚወጣው ጭስ ኀይል ትንሽ መዘውር እያዞረ አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ፤ ከከፍታው የሚመጣውን ጉድለት አብዛኛውን ይሞላዋል። ነገር ግን መዘውሩ አየር ለማመቅ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ ሊዞር ስለሚገባውና ለመዞርም ብዙ ጭስ ስለሚፈልግ፤ ጭሱ የሚበዛው ደግሞ ሞተሩ በርትቶ ከሠራ በኋላ ስለ ሆነ፤ በመካከሉ የግድ መጠበቅ አለ። አየሩ በሣሣበት አገር ይህ መጠበቅ ይረዝማል። ሹፌራችን አዋሽን አልፎ ሲወርድ ኦቶሞቢሉ የነቃለት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር።

ከአየሩ ቀጥሎ ካምቢዮው ይመጣል። ማርሹን ራሱ በሚለዋውጠው ኦቶሞቢል ውስጥ፤ በብዙዎቹ ዘንድ፤ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኝ ፍሪሲዮን የለም፤ በዘይት በተሞላ የተዘጋ ቤት ውስጥ ሁለት ባለ ክንፍ መንኰራኵሮች ፊት ለፊት ተቀምጠው፤ አንደኛው ዘይቱን ሲገፋ ሁለተኛው በዘይቱ ግፊት ይዞራል። አንዱን የነፋስ መንኰራኵር በሌላው ፊት አቁሞ የሚነፋውን ሰው ቢያስቡ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ይህን ብልሃት ያወጣው ሄርማን ፎቲንገር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው፤ በሽቴቲን ከተማ በቩልካን የመርከብ ፋብሪካ ሲሠራ፤ የመርከቡ የእንፋሎት ተርባይን እጅግ ፈጥኖ ስለሚዞርና የመርከቡ መቅዘፊያ ግን በዝግታ መዞር ስለሚፈልግ፤ ሁለቱን ለማስታረቅ ያሰበው ነው። የባለቤትነት መብት ያገኘበት ዓመት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር 1905 ነበር። የሚያስደንቀውም ነገር፤ ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቢዩኺ በጭስ የሚዞረውን የአየር ማመቂያ ያስመዘገበው በዚያው በ1905 መሆኑ ነው። እግራችን ወርዶ ኦቶሞቢሉ እስኪነሣ ድረስ የምንጠብቃቸው ሁለቱ ዋና ነገሮች በአንድ ዓመት ተወለዱ ማለት ነው።

የዘይቱ መንኰራኵር ጥቅም ልስላሴው ነው፤ ኦቶሞቢሉ ሳይንገጫገጭ እንደ ሐር ይነሣል። ዋጋው ደግሞ መዘግየት ነው። በአሜሪካ አገር ቢዩክ የተባለው ኦቶሞቢል ለ1948 ዓመት ያወጣው ዳይናፍሎ የሚባል ካምቢዮ፤ ሲነዳ ማርሽ መለዋወጥን ትቶ በዚህ የዘይት ብልሃት ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ነበርና፤ የተቀመጡበት ሰዎች ልስላሴውን እጅግ አመሰገኑ፤ የነዱት ሰዎች ግን አነሣሡ ከባድ ነው ብለው አሙት። ዛሬ ልስላሴንም ፍጥነትንም አንድ ላይ ለማግኘት ብለው የማርሹን ቍጥር አበዙት፤ ሌክሰስ ኤልኤስ 460 በ2006 ስምንት ማርሽ ያለው የመጀመሪያው ኦቶሞቢል ሆኖ ወጣ፤ ከዚያም ወዲህ ዘጠኝና ዐሥር የደረሱ አሉ። ነገር ግን ማርሽ በበዛ ቍጥር ምርጫውም ይበዛል። ኦቶሞቢሉ ነዳጅ ለመቈጠብ ሲል ቶሎ ቶሎ ወደ ከፍተኛው ማርሽ ይወጣል፤ ነጂው በድንገት እስከ ወለሉ ድረስ ሲረግጥ ደግሞ ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው መውረድ ይኖርበታል። ከሁሉም የከፋው፤ ልክ እንደ እኛ፤ ፍሬን ይዞ ሊቆም ሲል ሳይቆም እንደ ገና የተረገጠ ጊዜ ነው፤ ካምቢዮው ለመቆም እየተዘጋጀ ሳለ እንዲሮጥ ይታዘዛልና፤ አሳቡን እስኪለውጥ ድረስ ይዘገያል።

እንግዲህ መዘግየት ሁለት ዐይነት መሆኑን አንባቢ ይመለከታል። አንደኛው ከፋብሪካው ከልስላሴው ጋራ ተጨምሮ የተሸጠልን ነው፤ ሁለተኛው የብልሽት ነው። ችግሩ ሁለቱ በእግር ሥር አንድ ዐይነት ሆነው መሰማታቸው ነው። ለመለየት የሚረዳው የሹፌራችን መርፌ ነው። መርገጫው ሲረገጥ መርፌው ወዲያው ዘልሎ ሞተሩ እየጮኸ ኦቶሞቢሉ ግን ካልተከተለ፤ ጉልበቱ በካምቢዮው ውስጥ እየሾለከ ነውና ያን ጊዜ ዘይቱንና ካምቢዮውን መመርመር ተገቢ ነው። መርፌውም ኦቶሞቢሉም አብረው ከዘገዩ፤ ጉድለቱ ከካምቢዮው በፊት ያለ መሆኑ ያመዝናል፤ ማለት በአየሩ፤ በነዳጁ፤ በካንዴላው ወይም በኮምፒዩተሩ ዘንድ። ኦቶሞቢሉ ቆሞ ሳለ ማርሹ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሲገባ ጥቂት ሴኮንድ ቈይቶ በድብደባ የሚይዝ ከሆነ የካምቢዮው ዘይት ማነሱ ወይም ማርጀቱ ሊጠረጠር ይገባል። ሌላም ቀላል ፈተና አለ፤ ብዙዎቹ የክብር ኦቶሞቢሎች ለምቾትና ለፍጥነት የተለየ አነዳድ የሚመረጥበት ቍልፍ አላቸውና፤ ቍልፉ ወደ ፍጥነቱ ሲዞር መዘግየቱ ፈጽሞ ከጠፋ የተበላሸ ነገር መኖሩ አጠራጣሪ ነው። የእኛ ግን በፍጥነቱም አልጠፋም፤ ጥቂት ቀነሰ እንጂ።

ሁለተኛው የሄድንበት መካኒክ ገና ወጣት ነው። እኛ ስለ ካምቢዮው ልናወራ ስንጀምር በትሕትና «ጋሼ፤ ቢፈቅዱልኝ የሚነዳውን ሰው ልጠይቅ» አለንና፤ ሹፌራችን የነገረንን ሦስቱን ነገር ቈሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ የአየሩን ፊልትሮ ባወጣው ጊዜ፤ ነጭ የነበረው ወረቀት በከተማችን የግንባታ አቧራ የጡብ መልክ ይዞ አየነው። ይህ ግን ዋናው አልነበረም። በትንሽ መሣሪያ ጭስ ወደ ሞተሩ የአየር መንገድ ባስገባ ጊዜ፤ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ ከሚሄደው የጎማ ቱቦ ሥር፤ በዐይን በማይታይበት በኩል፤ ጭሱ እንደ ሲጋራ ጭስ ቀጭን ሆኖ ወጣ። ቱቦው ተሰንጥቆ ነበር። ቱርቦው የደከመበት አየር በስንጥቁ እየወጣ ሞተሩ ይጠብቅ ነበር፤ ቆላ በወረደ ጊዜ ሞተሩ በራሱ ትንፋሽ ወፍራም አየር ስለሚያገኝ ጉድለቱ ይሸፈን ነበር፤ ደጋ ሲወጣ ግን ኑሮው ሁሉ በቱርቦው ላይ ስለ ሆነ ይገለጥ ነበር። የሹፌራችን ሦስት ምልክቶች ከነምክንያታቸው በዚያች ስንጥቅ ተገኙ። የቱቦውና የፊልትሮው ዋጋ ከሥራው ጋራ ተደምሮ፤ የመጀመሪያው ጋራዥ ከጠየቀን ገንዘብ ከሃያ አንድ እጅ አልሞላም።

የአየሩ መለኪያና የአየሩ ክዳን መቈሸሽ፤ የነዳጁ ፊልትሮ መደፈን፤ የነዳጁ ፖምፓ መድከም፤ የካንዴላዎች ማርጀት፤ የጭስ ማውጫው በውስጥ መዘጋት፤ እነዚህም ሁሉ ይህንኑ የመሰለ መዘግየት ያመጣሉ፤ ምርመራቸው ግን ከካምቢዮ መፍታት እጅግ የረከሰ ስለ ሆነ እነርሱን ማስቀደም ይገባል። የነዳጁንም ዐይነት በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ከፍ ያለ ቤንዚን የሚጠይቅ ሞተር ዝቅ ያለውን ቢያጠጡት ኮምፒዩተሩ ሞተሩን ከጉዳት ለማዳን ሲል ጉልበቱን ይቀንሳልና።

ስለ ካምቢዮው ዘይት ግን ጥቂት ማለት እንወዳለን፤ ምክንያቱም በዚህ ነገር ብዙ ሰው ተሳስቶ አግኝተናል። አንዳንድ የኦቶሞቢል ፋብሪካዎች ይህ ዘይት ለዕድሜ ልክ የተሞላ ነው ብለው ስለሚጽፉ ባለቤቶች ሳይለውጡት ይኖራሉ። ለብዙዎቹ የኤውሮፓ የክብር ኦቶሞቢሎች ካምቢዮ የሚሠራው ዜድኤፍ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ግን፤ ዘይቱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ፤ ቢበዛም በስምንት ዓመት እንዲለወጥ ይመክራል። ዕድሜ ልክ የተባለው የማን ዕድሜ እንደ ሆነ እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። የእኛ ኦቶሞቢል ከዱባይ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ከገባ ጀምሮ ዘይቱ ተለውጦ ስለማያውቅና 140,000 ኪሎ ሜትር ስለ ሄደ በዚያው አስለወጥነው። ልኩ የሚታየው ሞተሩ እየሠራ፤ ዘይቱም ፋብሪካው በወሰነው ሙቀት ላይ ሳለ ስለ ሆነ፤ ይህን ሳይለካ በግምት የሚሞላ ሰው ቢያጋጥም ማስቆም ነው። እንዲህ ማለታችን ስለ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፤ ዛሬ በግቢያችን የቆመውን ኦቶሞቢል ሌላ የሚተካው እንደማይመጣ አድርገን መጠበቅ ይኖርብናል። የሚመጣው የኤሌክትሪክ ኦቶሞቢል ቱርቦም ጭስም ስለሌለው በተረገጠ ጊዜ ኀይሉን ወዲያው ይሰጣል፤ ፋብሪካው ለልስላሴ ብሎ ካላዘገየው በቀር።

ቱቦው ከተለወጠ በኋላ ከሁለት ሴኮንድ በላይ የነበረው መዘግየት ወደ አንድ ሴኮንድ ገደማ ወረደ፤ ከዚያ በታች ግን አልወረደም። ይህ የተረፈው ከልስላሴው ጋራ የገዛነው ነው፤ እንግዲህ መለወጥ ያለበት የእኛ አነዳድ ነበር። መርገጫውን አዘግይቶ በድንገት እስከ ወለሉ መርገጥ የባሰ እንደሚያዘገይ፤ ይልቁንም አስቀድሞ በመጠኑ መርገጥና ቱርቦውን ማንቃት እንደሚሻል ሹፌራችን ካደረገው አየን። አደባባይ ከመድረሱ በፊት የማርሹን ዘንግ ወደ ፍጥነቱ ፊደል ይስበዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ራሱ ሁለተኛ ማርሽ መርጦ ይጠብቃል። ኦቶሞቢሉ በቆመ ጊዜ ሞተሩን የሚያጠፋውንና ሲረገጥ የሚያስነሣውን መሣሪያም በከተማ ውስጥ በቍልፉ ያጠፋዋል፤ ሞተሩ ለመነሣት የሚፈጀው ከግማሽ ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ቢሆንም በሌላው መዘግየት ላይ ሲጨመር ብዙ ሜትር ነውና።

ባለቤታችንም መንዳት ስለሚወዱ አንድ ነገር ከእርሳቸው ተምረናል። ዳገት ላይ ሲነሡ ኦቶሞቢሉ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት በግራ እግራቸው ፍሬኑን ይዘው በቀኝ እግራቸው ይረግጡ ነበር፤ ኦቶሞቢሉም ያን ጊዜ ይብሱን ይደነዝዝባቸው ነበር። ምክንያቱም ከ2010 ወዲህ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በተሠሩት ብዙ ኦቶሞቢሎች፤ ፍሬንና ነዳጅ አንድ ላይ በተረገጡ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ፍሬኑን አምኖ የነዳጁን ትእዛዝ ይሰርዘዋል። ይህም የተደረገው፤ መርገጫው ተይዞበት ወይም በምንጣፍ ተጣብቆበት ኦቶሞቢሉን ማቆም ያቃተው ሰው እንዳይጠፋ ነው። ዳገት ላይ ለጥቂት ጊዜ ፍሬኑን ራሱ የሚይዝ መሣሪያ በዛሬው የክብር ኦቶሞቢል ላይ አብዛኛውን ጊዜ ስላለ፤ ግራው እግር ዐርፎ ቢቀመጥ ይሻላል።

ከመርገጫው ጋራ የሚሰካ፤ መዘግየትን ያጠፋል ተብሎ የሚሸጥ አንድ ትንሽ ሣጥን እንድንገዛም ተመክረን ነበር። ወጣቱ መካኒክ ግን ይህ ሣጥን ለኮምፒዩተሩ እግርዎ ከወረደው በላይ እንደ ወረደ አድርጎ ከመንገር በቀር ምንም እንደማይሠራ፤ አየርም ጉልበትም እንደማይጨምር ነገረን። ማመልከቻውን በትልቅ ፊደል እንደ መጻፍ ነው፤ ጠረጴዛዎቹ ግን አልቀነሱም። አልገዛነውም።

ሹፌራችንን ቁልፉን መልሰን በሰጠነው ቀን፤ በልጆቹ ፊት የተናገርነውን ቃል በልጆቹ ፊት አንሥተን ይቅርታ ጠየቅነው። እርሱ ግን ነገሩ እንዲረዝም ስላልወደደ «ጌታዬ፤ አልፏል፤ ጊዜው እንዳይሄድብን ይግቡ» ብሎ በሩን ከፈተልን። ታናሺቱ ከኋላ ሆና መኪናው ዛሬም ይተኛ እንደ ሆነ በጠየቀችው ጊዜ፤ ተኝቶ እንዳልነበረና ትንፋሽ አጥሮት እንደ ነበረ ነገራት። መካኒኩ ሁለተኛውም ቱቦ፤ በቀኝ በኩል ያለው፤ በዚያው ዕድሜ ላይ ስለ ሆነ ብዙ አይቈይም ስላለን አዲስ እንዲመጣ ወደ ዱባይ ልከን እየጠበቅን ነን። እስኪመጣ ድረስ ሹፌራችን ቅዳሜ ቅዳሜ ኮፈኑን ከፍቶ በባትሪ ያየዋል፤ እኛም አጠገቡ ቆመን ባትሪውን እንይዝለታለን።